የትንኝ ቅኝት ምንድን ነው?

ጅቡቲ ወባን ለመሰናበት ተቃርባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የመዘገበችው ታማሚ 27 ብቻ ነው። በ2020 ግን ቁጥሩ ከ73,000 አለፈ። በዚያው በ2012 አንዲት እንግዳ ትንኝ እዚያ ተገኝታ ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፤ ከእስያ የመጣች ናት።

የትንኝ ቅኝት ማለት እንዲህ ያለችውን እንግዳ ትንኝ፣ ሰው በብዛት ሳይታመም፣ ፈልጎ ማግኘት ነው። ጤና ጣቢያ የሚቆጥረው ታማሚን ነው። ታማሚው ሲመጣ ደግሞ ትንኟ ሥራዋን ጨርሳለች። ስለዚህ ባለሙያዎች በየሠፈሩ እየዞሩ ከተጠራቀመ ውሃ እጭ ይጨልፋሉ። ማታ በመብራት ወጥመድ ትንኝ ይይዛሉ። ከዚያ ዝርያዋ ይለያል፤ የትኛው ኬሚካል እንደሚገድላትም ይፈተሻል።

እኛ አገር ስቴፈንሲ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። የለመድናት የወባ ትንኝ ዝናብ ያቆረውን ውሃ ትወዳለች። ወባ ክረምቱ ሲወጣ የሚበረታውም ለዚህ ነው። ይህቺኛዋ ግን ሮቶ፣ በርሜል፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። ከተማ መሃል፣ በደረቅ ወቅትም ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ የተነሣው በደረቁ ወራት ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ታመሙ። የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በታማሚዎቹ መኖሪያ ዙሪያ ሲፈልጉ በብዛት ያገኙት እሷን ነው።

ታዲያ ይህን ሥራ ጤና ቢሮ ብቻውን አይወጣውም። ሮቶው የባለቤቱ ነው። የግንባታው ውሃ የተቋራጩ ነው። ሰው ውሃ የሚያጠራቅመውም ቧንቧው ስለሚቋረጥ ነው። ውሃ በፈረቃ እያገኘ ያለን ሰው «አታጠራቅም» ማለት በእኔ እምነት ትክክል አይደለም። ክዳን እንዲገጥምለት መርዳት ይሻላል። የውሃ አገልግሎትም ሆነ ማዘጋጃ ቤት ከጤና ባለሙያው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለባቸው ለዚህ ነው።

በአገሮች መካከልም ያው ነው። ሱዳን፣ ሶማሊያና ኬንያም ይህቺን ትንኝ አግኝተዋታል። አንዱ ያየውን ቶሎ ካልተናገረ፣ ጎረቤቱ የሚሰማው አልጋው ሁሉ በታማሚ ሲሞላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ስርጭቷን ለመግታት በጀመረው ሥራ ውስጥ የመረጃ ልውውጥን ያካተተውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ድሬዳዋ ዴንጊ የተባለውን ሌላ ትንኝ የሚያስተላልፈውን በሽታም ታውቀዋለች። የዴንጊ ትንኝ የምትራባው እዚያው በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። ለወባ የወጣ ቡድን በያዘው ጭልፋ ሁለቱንም መቃኘት ይችላል።