ዋና ሰንሰለት ምንድን ነው? የቅርንጫፋም ሃይድሮካርቦን ስም የሚበላሽበት ቦታ

ሃይድሮካርቦን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ ሞለኪውል ነው፤ ስሙም ከዋና ሰንሰለቱ ይነሳል። ወረቀት ላይ 4 ካርቦን በአግድም ደርድሩ። ከግራ ሁለተኛው ላይ ደግሞ 2 ካርቦን ወደ ታች አንጠልጥሉ። ስሙ ማን ነው?

ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «2-ኢታይልቡቴን» ይላል። አግድሙ 4 ስለሆነ ቡቴን፣ የተንጠለጠለው 2 ስለሆነ ኢታይል፣ የተቀመጠው ሁለተኛው ላይ ስለሆነ ከፊት 2። እኔም ተማሪ እያለሁ ፈተና ላይ ልክ እንዲህ ጽፌ፣ ወረቀቱ ከነኤክሱ እስኪመለስልኝ ድረስ ደፍኛለሁ ብዬ ነበር።

ዋና ሰንሰለት ማለት ቀጥ ብሎ የተሳለው መስመር አይደለም። ብዕር ሳታነሱ፣ ያለፋችሁበትንም ሳትደግሙ ከካርቦን ካርቦን ስትሄዱ የምታገኙት ረጅሙ መንገድ ነው። ቢታጠፍም ቢወርድም ችግር የለውም፤ አግድምና ቁልቁል የኛ አሳሳል እንጂ የሞለኪውሉ ጠባይ አይደለም።

እስቲ ከተንጠለጠለው ጫፍ እንነሳ። አንድ፣ ሁለት እያልን ወደ ላይ ወጣን፣ አግድሙ ላይ ስንደርስ ሦስት፣ ወደ ቀኝ ታጥፈን አራት፣ አምስት። 5 ካርቦን ፔንቴን ነው። ከመንገዱ ውጭ የቀረው በስተግራ ያለው አንድ ካርቦን ብቻ ነው፤ ቅርንጫፉ እሱ ነው፣ ብቻውን ስለሆነ ሜታይል ይባላል፣ የተቀመጠውም 3ኛው ላይ ነው። ስለዚህ 3-ሜታይልፔንቴን።

ነጠላ ቦንድ (በካርቦኖቹ መካከል አንድ ማያያዣ) ብቻ ባለው፣ ቀለበት ባልሠራ ሰንሰለት ላይ «1-ሜታይል» ወይም «2-ኢታይል» ብላችሁ ከጻፋችሁ እዚያው አቁሙ። ሰንሰለቱን አሳጥራችሁታል።

ቁጥሩ የሚጀምረው ቅርንጫፍ ቀድሞ ከሚገኝበት ጫፍ ነው። እዚህ ላይ «ቁጥሮቹን ደምራችሁ ትንሹን ያዙ» የሚል ምክር ይናፈሳል፣ አትመኑት። 10 ካርቦን ያለው ሰንሰለት ላይ 3 ሜታይል አለ እንበል፤ ከአንዱ ጫፍ ስትቆጥሩ 2፣7፣8 ከሌላው 3፣4፣9 ይሆናል። የሁለተኛው ድምር 16፣ የመጀመሪያው 17። ትክክለኛው ግን 2,7,8-ትራይሜታይልዴኬን ነው፣ ምክንያቱም የሚወዳደሩት ድምሮቹ ሳይሆኑ መጀመሪያ የሚለያዩት ቁጥሮች ናቸው፦ 2 ከ3 ያንሳል፣ አለቀ።

በስሙ ውስጥ የቅርንጫፎቹ ተራ በእንግሊዝኛው ፊደል ነው፣ ኢታይል ከሜታይል ይቀድማል። ዳይ (ሁለት) እና ትራይ (ሦስት) ብዛት ስለሚነግሩ ብቻ በፊደል ተራው አይቆጠሩም።

ቤንዚን ውስጥ ያለውን አይሶኦክቴን ታውቁት ይሆናል፤ የኦክቴን ቁጥር (ነዳጅ ሞተር ውስጥ ያለጊዜው መቀጣጠልን የሚቋቋምበት መለኪያ) 100 የሚባለው በሱ ልክ ነው። 8 ካርቦን አለው፣ የደንብ ስሙ ግን 2,2,4-ትራይሜታይልፔንቴን ነው። ረጅሙ መንገድ 5 ላይ ስለሚያልቅ «ኦክቴን» የሚለው ከስሙ ወጣ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? 6 ካርቦንና 14 ሃይድሮጅን ያላቸውን ሞለኪውሎች በሙሉ ሳሉ ቢባል፣ ጀማሪ 7 ወይም 8 ስሎ ይመጣል። ያሉት 5 ናቸው። የትኛው የትኛውን እንደደገመ ሥዕሉን በማየት ብቻ መለየት ያደናግራል፣ በተለይ አንዱ ከታጠፈ። ለያንዳንዱ ስም አውጡለት፤ ሁለቱ ሥዕሎች 3-ሜታይልፔንቴን ከተባሉ አንዱን ሰርዙት።