ትናንት ምን በሉ? ኢትዮጵያ ውስጥ አመጋገብ እንዴት ይጠናል

ጠያቂዋ ታብሌቷን ከፍታ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። «ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሱ ጀምሮ ምን ምን በሉ? ምን ምን ጠጡ?» ትላለች። «ምን ይበላል፣ ያው እንጀራ ነዋ» ይላሉ እማወራዋ። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ መልስ በኋላ ነው። የምን እንጀራ? የጤፍ ብቻ ነው ወይስ ማሽላ ገብቶበታል? በምን ወጥ? ወጡ ዘይት ነበረው? ስንት ጭልፋ? ብቻዎን በሉ ወይስ ከልጆቹ ጋር?

ይህ የ24 ሰዓት የምግብ ትውስታ ይባላል። ሕዝብ ምን እንደሚበላ ለማወቅ በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ነው። ጥያቄው በዙር በዙር ይሄዳል። መጀመሪያ የምግቡ ዝርዝር ይያዛል። ቀጥሎ አሠራሩ ይጠየቃል። ከዚያ መጠኑ። መጨረሻ ላይ ሁሉም እንደገና ይነበባል። የተረሳው ነገር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዚህ በመጨረሻው ዙር ነው። «ቡናው ላይስ ምን ነበር?» ሲባል ቆሎው፣ ንፍሮው፣ ዳቦው ብቅ ይላል። ቡና ቁርስ ስሙ ቁርስ ሆኖ ሳለ ምግብ ተብሎ ሳይቆጠር ቢቀር አይገርምም። ሁለት ስኳር ያለው ሻይማ ጭራሽ አይነሳም።

መጠን መለካት ሌላ ጣጣ አለው። ሰው በግራም አይበላም። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢዎች ሚዛን ይዘው ይዞራሉ። በወጡ ምትክ በራሱ በቤቱ ጭልፋ ውሃ አስቀድተው ይመዝናሉ፣ ለጠጣሩ ምግብ ሊጥ ያስድቦለቡላሉ፣ ሥዕልም ያሳያሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሰው በየራሱ ሳህን ሲበላ ነው። እኛ ቤት አምስት ሰው አንድ ትሪ ይከባል። እናት መሃል ላይ ያለውን ለልጆቹ እየገፋች ራሷ ከዳር ዳሩ ትቆርሳለች። ጉርሻውስ በማን ስም ይመዝገብ? ባጎረሰው ወይስ በጎረሰው? አንዳንድ ጥናቶች ከመጠይቁ በፊት ለተሳታፊዎች የየራሳቸው ሳህን ይሰጣሉ። ያኔ ልኬቱ ይጠራል። አበላሉ ግን ያው የድሮው መሆኑ ያጠራጥራል።

ቀኑም ራሱ ወሳኝ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከሕዝቡ 43.5 በመቶው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ ነበር። ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ካህናትና መነኮሳት እስከ 250 ቀን ገደማ ይጾማሉ። ማክሰኞን የሚያስታውስ ሰው ወተትና ዕንቁላል ይጠራ ይሆናል። ረቡዕን የሚያስታውሰው ሽሮና ምስር ብቻ ነው። ሁዳዴ ላይ የተሰበሰበ መረጃና ከፋሲካ ማግስት የተሰበሰበ መረጃ የሁለት አገር ሕዝብ ሊመስሉ ይችላሉ። ረመዳንን ጨምሩበት፤ ምሳ ጠፍቶ የሌሊት ምግብ ይመጣል። ስለዚህ ጠንቃቃ አጥኚ መጀመሪያ የሚያየው የቀን መቁጠሪያውን ነው።

ጾሙ ሕፃናት ላይ የሚያደርሰውን የተከታተሉ ሰዎች አንድ ነገር አስተውለዋል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ይጹም አትልም። እናቶቹም ይህን ያውቃሉ። ችግሩ ያለው ዕቃው ላይ ነው። የጾም ወጥ በሚሠራበት ድስት ለልጅ ዕንቁላል ቢጠበስበት ድስቱ ይነካካል፣ የቤቱ ሰው ይገድፋል። ሌላ ድስት ደግሞ የለም። ልጁ አይጾምም፣ ድስቱ ግን ይጾማል። ለእኔ ይህ ከብዙ ሠንጠረዥ የበለጠ ይናገራል። ለእናትየዋ ስለ ዕንቁላል ጥቅም ከመስበክ ትንሽ ድስት መግዛቱ ሳይሻል አይቀርም። አማራ ክልል ውስጥ በተሠሩ ሥራዎች ቄሶችም ገብተውበት ልጆች እንዲበሉ አስተምረዋል።

ጥናቱ አገራችን ውስጥ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ መንግሥት ኮሚቴ ከኢትዮጵያ ባለሥልጣናት ጋር ሆኖ ወታደሩንም ሲቪሉንም ያካተተ የሥነ ምግብ ዳሰሳ አካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ1962 ከስዊድን ጋር በመተባበር አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ። ፋፋ የወጣው ከዚያ ነው። ስንዴ፣ ሽንብራ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት ያለበት የልጆች ምግብ። ስሙ ራሱ ማስታወቂያ ነው፤ ልጁ ፋፋ ከተባለ ሌላ ምን ይፈለጋል? ክፍሉ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከዚያም ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በምንለው ውስጥ ገባ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ተመራማሪዎቹ ጉናር ኦግሬን እና ሮዛሊንድ ጊብሰን የኢትዮጵያን ምግቦች ይዘት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጡ። ያለ እንዲህ ዓይነት ሠንጠረዥ «ሁለት ጭልፋ ሽሮ» የሚለው መልስ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ወደ ፕሮቲን፣ ወደ አይረን፣ ወደ ዚንክ የሚቀየረው በእሱ ነው። ጊብሰን ከዓመታት በኋላ ከኢሌን ፈርጉሰን ጋር ሆነው የ24 ሰዓቱን ትውስታ ለታዳጊ አገሮች እንዲመች አድርገው አስተካክለውታል። ሲዳማ ውስጥም ቆጮና በቆሎ የሚበሉ እናቶች የዚንክ እጥረት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተሳትፈዋል።

ሠንጠረዡ አንድ እንቆቅልሽ አወጣ። ኢትዮጵያውያን የሚበሉት አይረን፣ በወረቀት ሲሰላ፣ በጣም ብዙ ነው። ምክንያቱ ጤፍ ነው ተባለ። ጤፍ በእርግጥ አይረን አለው። ግን አውድማውን አስቡት። መሬቱ በእበት ተለቅልቆ፣ በሬዎቹ እየዞሩ ሲያበራዩ፣ ያቺ ደቃቅ ፍሬ ከአፈሩ ጋር ትቀላቀላለች። በወንፊት ብትነፋም ሙሉ በሙሉ አትጠራም። ላቦራቶሪው የሚለካው ጤፉንም አፈሩንም አንድ ላይ ነው። የአፈሩን አይረን ደግሞ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶዎቹ የደም ማነስ ነበረባቸው። ደም ማነስ በወባም በሌላም ይመጣል። ቢሆንም «ጤፍ ስለምንበላ አይረን አይጎድለንም» ለሚል ሰው አውድማውን ማሳየት ነው።

አሁን አሁን ከግራሙ ይልቅ ስብጥሩ፣ ማለትም ስንት ዓይነት ምግብ እንደተበላ፣ ይጠየቃል። ቀላል ነው፣ ርካሽም ነው። ለሴቶች ምግብ በ10 ምድብ ይከፈላል፤ ትናንት ቢያንስ ከ5ቱ የበላች አለፈች። እንጀራ በሽሮ የበላች ሁለት አላት። ሽንኩርቱ ከበዛ ሦስት። ከ15 ግራም በታች የሆነ ነገር፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ፣ አይቆጠርም። በርበሬውም ለጣዕም እንደገባ ቅመም ስለሚታይ አይገባም። ሽሮ ያለ በርበሬ ምኑ ሽሮ ነው ብትሉም ሕጉ ሕግ ነው።

የሕፃናቱ ቁጥር ግን ቀልድ የለውም። በዚያው በ2016ቱ ዳሰሳ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት 45 በመቶዎቹ በቀን የሚገባቸውን ያህል ጊዜ ተመግበዋል። በቂ ስብጥር ያገኙት 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለቱንም ያሟሉት ደግሞ 7 በመቶ። ልጁ ይመገባል፤ ግን ጠዋትም ማታም ያንኑ። በዚሁ ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 38 በመቶዎቹ ቀንጭረዋል፤ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጥሯል። አንዷ ወተት ያላት እናት ለምን ወተቱን እንደምትሸጥ ለመረዳት ግን የስብጥር መጠይቅ አይበቃም። ገበያ ወርዶ የሳሙናና የደብተር ዋጋ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ዳሰሳም አለ፣ በየአምስት ዓመቱ ገደማ የሚካሄድ። ቤቱ ምን እንደገዛ ይነግራል፤ ከትሪው ማን ምን እንዳነሳ አይነግርም።

አዋቂው ላይ ሥዕሉ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ላይ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ አዋቂ ከ95 በላይ የሚሆነው በቀን የሚመከረውን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ አይበላም። ጨው ግን ከሚመከረው 5 ግራም በላይ ይበላል። እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን የሚሰጠን በጨው ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በደንብ ግዴታ ሆኗል። አንዱ ባለሙያ አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ ይላል፣ ሌላው ጨው ቀንሱ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚሰማው ሰው ግን ግራ ቢጋባ አልፈርድበትም።

ከአገር የወጡ ወገኖችም ተጠንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን መጀመሪያ ላይ የስኳር በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ በወጣቶቹ ጭምር ቁጥሩ ሲያሻቅብ ታየ። ነጭ ዳቦው፣ ጣፋጭ መጠጡ፣ በእግር መሄድ መቅረቱ አንድ ላይ የመጡ ነገሮች ናቸው። አንዱን ለይቶ ጥፋተኛ ማለት ይከብዳል።

ከዚህ ሁሉ ጥያቄ የሚወጣው ፖሊሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መረጃው የተሰበሰበው ብሔራዊ የምግብ ፍጆታ ጥናት ዋና ዓላማው ቪታሚንና ማዕድን በየትኛው ምግብ ላይ ቢጨመር ሕዝቡ ጋ ይደርሳል የሚለውን መመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያ ወጣ። በዚያው ዓመት የስንዴ ዱቄትንና የምግብ ዘይትን ማበልጸግ ግዴታ ሆነ። ፋብሪካ የሚፈጨውን ዱቄት መቆጣጠር ይቻላል። ገጠር ያለችው እማወራ ግን ጤፏን ወይም በቆሎዋን በአህያ ጭና ሰፈር ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። ወፍጮው የዘረገፈላትን እዚያው በጆንያዋ አፍሳ ትመለሳለች፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቪታሚን የሚጨምርላት የለም።