«ጠበኛ ዓሣ» ምንድን ነው?

«ጠበኛ ዓሣ ነው፣ አውጣው።» ይቺን ምክር በዚህ ወር ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ ሰማኋት። ሦስቱም ጊዜ የተፈረደበት ዓሣ ምንም አላጠፋም።

ሜሪላንድ ውስጥ የሰው ቤት አኳሪየም (ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ) እያጸዳሁ ነው የምተዳደረው፤ አብዛኞቹ የጨዋማ ውኃ ናቸው። ስለ ጨው መጠን፣ ስለ ፓምፕና ስለ ማጣሪያ እዚህ አላወራም። እሱን ሳታስተካክሉ ዓሣ ካስገባችሁ ችግራችሁ ጠብ አይደለም።

«ጠበኛ» የሚለው ቃል መሸጫው መስታወት ላይ ተለጥፎ ስናየው እንደ ቀለሙና እንደ ክንፉ ከዓሣው ጋር የተፈጠረ ይመስለናል። ግን ዓሣ ዝም ብሎ አይጣላም። ወይ ስለ ቦታ ነው፣ ወይ ስለ ምግብ፣ ወይ ስለ ትዳር። በእርግጥ ዝርያና ዝርያ ይለያያል፤ ሶሃል ታንግ የሚባለውን ኃይለኛ የባሕር ዓሣ፣ ጎቢ ከሚባለው ትንሽ ዓሣ ጋር እኩል ገር ነው የሚል የለም። ሆኖም ሶሃልም ቢሆን የሚጣላበት ነገር አለው።

ጉሊት አስቡ። ቲማቲም ዘርግታ የተቀመጠች እናት አለች። አጠገቧ ሌላዋ መጥታ ከሰል ብትዘረጋ ምንም አትላትም፤ እንዲያውም ቡና ይጠራራሉ። ቲማቲም ይዛ ከመጣች ግን ወዮላት። ቢጫ ታንግም እንዲሁ ነው። ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ ላይ አልጌ፣ ማለት ውኃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር፣ ሲግጥ ይውላል። አሸዋ የሚያበጥር ጎቢ ቢመጣ ዞር ብሎም አያየውም። ቅርጹ የሚመስለው፣ እንደሱ አልጌ የሚግጥ ታንግ ከመጣ ግን ገበያውን ሊሻማው ነው። ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ፣ በ1973 ኖቤል ከወሰዱት አንዱ፣ ይህንኑ አስተውሎ ነበር፦ ደማቅ ቀለም ያላቸው የኮራል ዓሦች ከሁሉ አብልጠው የሚያጠቁት የገዛ ዝርያቸውን ነው።

ከጉሊቱ ገና አልወጣንም። ያቺ እናት ለዓመታት አጠገቧ ከኖረችው ባለቲማቲም ጋር አትጣላም። «መጣሁ፣ ቦታዬን እዪልኝ» ይባባላሉ። ድንበራቸው ታውቋል። ጠቡ ከአዲስ መጪ ጋር ነው። ገሩን ዓሣ መጀመሪያ፣ ኃይለኛውን መጨረሻ አስገቡ የምንለው ለዚህ ነው፤ ቀድሞ የገባ ባለቦታ ነው። ደንብ አስከባሪ መጥቶ ሁሉንም አንስቶ ሌላ ሜዳ ቢያሰፍራቸውስ? ያን ቀን ሁሉም አዲስ ነው። አዲስ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ድንጋዩን አፍርሶ መደርደር የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። (ድንጋይ ስታነሱ ከሥሩ የተጠራቀመው ቆሻሻ ይነሳል፤ ማግስቱን ዓሣን የሚመርዘውን አሞኒያ ለኩ። ኮራል የያዘውን ድንጋይ ደግሞ ባትነኩት ይሻላል።)

ምሳሌዬ የሚሰበረው ከዚህ በኋላ ነው። ከጉሊት የተባረረች ሴት ሌላ ሰፈር ትሄዳለች። ባሕር ውስጥም የተባረረ ዓሣ ትንሽ ርቆ ይሸሻል፤ አባራሪውም ወደ ግጦሹ ይመለሳል። ገንዳ ውስጥ ግን ቢሸሽ ቢሸሽ እዚያው ግቢ ነው። ባለቦታው «ውጣ» ይለዋል፣ መውጫ የለም፣ ማሳደዱም አያልቅም። «ጠበኛ» ብለን ዓሣው ላይ የምንለጥፈው ግማሹ የመስታወቱ ሥራ ነው።

ጋሼ የምላቸው አንድ ደንበኛ አሉኝ። ገንዳቸው 75 ጋሎን ነው፣ 284 ሊትር ገደማ፣ ርዝመቱ 4 ጫማ። ቢጫ ታንጋቸው ሁለት ዓመት ኖሮበታል። አንድ ማታ ደወሉ። «ና ድረስ፣ ሊገድለው ነው።» ሐምራዊ ታንግ ገዝተው አስገብተዋል። አካሉ ሐምራዊ፣ ጭራው ቢጫ፣ በጣም የሚያምር ዓሣ ነው። «ምነው ጋሼ፣ ሳያማክሩኝ?» አልኳቸው። «የቀይ ባሕር ነው ሲሉኝ አላስቻለኝም» አሉ። ምን ይባላል?

ስደርስ ቢጫው ክንፎቹን ከላይም ከታችም ገትሮ በጎኑ ይቀርባል፣ ከዚያ ጭራውን ወደ አዲሱ ይወረውራል። የታንግ ጭራ ሥር በግራም በቀኝም እንደ ምላጭ የሰላ እሾህ አለ። ሐምራዊው ላይኛው ጥግ፣ ማሞቂያው ጀርባ ተለጥፏል። ስንጥቡ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ጎኑ ላይ ቀጭን ጭረት አለ። መብራቱን አጠፋሁ። ሐምራዊውን ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ጥርት ባለ የፕላስቲክ ሳጥን አድርጌ እዚያው ገንዳው ውስጥ ሰቀልኩት፤ ይተያያሉ፣ አይነካኩም። በማግስቱ ከመታጠቢያ ቤት መስታወት አምጥቼ በሌላው ጫፍ በውጭ በኩል አስደገፍኩት። ቢጫው ሳጥኑን ትቶ ከራሱ ምስል ጋር ሲሟገት ዋለ።

ሳምንት ቆይቼ ፈታሁት። በሁለተኛው ቀን ማሳደዱ እንደ አዲስ ጀመረ። ሳጥን ለብዙ ዓሣ ይሠራል፤ 4 ጫማን ግን 6 ጫማ አያደርገውም። ሐምራዊው 180 ጋሎን ወዳለውና ሌላ ታንግ ወደሌለበት ቤት ሄደ።

አሁን ስለ ሌላኛው ምክር። «ዓሣ ጨምርበት፣ ጠቡ ይከፋፈላል» የሚል ወንድም አለ። እሱ የሚያወራው ስለ ማላዊ ሐይቅ ዓሦች ነው። እነሱ የጣፋጭ (ጨው የሌለው) ውኃ ናቸው፣ እዚያ ዘዴው ይሠራል። ጨዋማ ውኃ ግን ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ከጣፋጩ ያንሳል፤ በዓሣ ስታጨናንቁት ጠቡ ሳይበርድ ውኃው ይበላሻል። «አውጣው» የሚለውም ብዙ ጊዜ አያዋጣም። አንደኛውን ስታወጡት ሁለተኛው ቦታውን ይይዝና እሱ «ጠበኛ» ይባላል። ለጥቂት ቀን አውጥቶ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሲመለስ አዲስ መጪው እሱ ነው።

ጠብ ያልሆነውን ጠብ የሚሉም አሉ። ላየንፊሽ ትንሹን ዓሣ ሲውጥ ምሳ ነው። ክላውንፊሽ ደግሞ ሲፈለፈሉ ሁሉም ወንድ ናቸው። ትልቁ ሴት ይሆናል፣ ቤቱንም የምትገዛው እሷ ናት። ትንሹ ፊቷ ቀርቦ በጎኑ እንደሚጥል በሽታ ይንቀጠቀጣል። ስንቱ ሰው «ታመመብኝ» ብሎ ደውሎልኛል! «እሺ እመቤቴ» ማለቱ ነው፤ ተዉዋቸው።

መቼ ጣልቃ ልግባ ለሚለኝ፣ አዲሱ ዓሣ ይበላል ወይ ብዬ ነው መልሼ የምጠይቀው። እየበላ ከሆነና ቁስል ከሌለበት ጥቂት ቀን ታገሡ። ምግብ ከተወ ወይም ክንፉ ከተቦጫጨቀ በዚያው ቀን ለዩት። የተጨነቀ ዓሣ ለነጭ ነጠብጣብ በሽታ ይጋለጣል፤ ያ ደግሞ ከአሳዳጁ ጭምር ሁሉንም ይነካል። ክዳንም ይኑራችሁ፤ የሚሳደድ ዓሣ ይዘላል፣ ጠዋት ወለል ላይ ደርቆ ታገኙታላችሁ።

ጋሼ አሁንም ሲደውሉ «ያ ጠበኛው ደህና ነው» ይሉኛል። ባለፈው ቅዳሜ ለጽዳት ሄጄ እጄን ሳስገባ ጭራውን አዙሮ አውራ ጣቴን ጫረኝ። አልጌውን እየፋቅሁበት ነበር።