የትሬይል ኔትወርክ ፕላን ምንድን ነው?

አሜሪካ በመጣሁ በመጀመሪያው ወር፣ ጠዋት ጠዋት ከአፓርታማችን ጀርባ በምታልፍ ቀጭን የአስፋልት መንገድ ወክ አደርግ ነበር። መኪና አይገባባትም። አንድ ቀን ከኋላዬ የመጣ ብስክሌተኛ «ኦን ዮር ሌፍት!» ብሎ ጮኸብኝ። በግራህ ላልፍ ነውና መስመርህን ጠብቅ ማለቱ ነው። እኔ «ሌፍት» የምትለዋ ብቻ ጆሮዬ ስለገባች ወደ ግራ ዘለልኩ፤ ሰውዬውና እኔ ሣሩ ላይ ተገናኘን። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። እሱ የተሳደበ መሰለኝ፣ እኔም በድንጋጤ በአማርኛ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ያቺ መንገድ ትሬይል የሚሏት ናት። ቃሉን እንዳለ ወስደነዋል፤ «የእግር መንገድ» ብንለው ብስክሌቱ ይቀራል፣ «የብስክሌት መንገድ» ብንለው ጋሪ የሚገፉ እናቶች ይቀራሉ። አዲስ አበባ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩት የእግረኛና የብስክሌት መስመሮች ዘመዶቹ ናቸው፤ እነሱ ግን በአብዛኛው የመኪናውን መንገድ ተከትለው ይሄዳሉ። ትሬይል በተቻለው መጠን ከመኪና ይሸሻል፦ በወንዝ ዳር፣ በዛፍ መሀል፣ በቤቶች ጀርባ። እግረኛው፣ ሯጩ፣ ብስክሌተኛው፣ ዊልቸሩ ሁሉም አንድ ንጣፍ ላይ ናቸው።

ከምንም ጋር ያልተያያዘ ትሬይል ረዘም ያለ መናፈሻ ነው። ከሌላው ትሬይል ጋር ሲገናኝ፣ ያኛው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ፣ ከባቡር ጣቢያው፣ ከገበያው ጋር ሲያያዝ ኔትወርክ ይባላል። ፕላኑ እንግዲህ ከተማው ወይም ካውንቲው (ከስቴት በታች ያለው አስተዳደር) የትኛው ከየትኛው እንደሚያያዝ፣ የቱ በቅድሚያ እንደሚሠራ፣ በምን ስፋትና በማን ገንዘብ እንደሚሆን የሚያስቀምጥበት ሰነድ ነው። ሰንጠረዥ አለው፣ ፈገግ ያሉ ብስክሌተኞች ፎቶ አለው፣ ካርታ አለው። መታየት ያለበት ካርታው ነው። እዚያ ላይ መስመር ያልተሰመረለት ሰፈር፣ በጀት ሲደለደል ስሙን የሚያነሳለት አያገኝም።

መስመሮቹ ከየት ይመጣሉ? ከተማ ውስጥ ረዥምና ባዶ መሬት አይገኝም፤ ከተገኘም ሌላ ነገር ትቶት የሄደ ነው። የተነቀለ ሐዲድ፣ ጎርፍ ስለሚያጥለቀልቀው ቤት የማይሠራበት የወንዝ ዳር፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ የቆመበት መሬት። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ «ደብሊው ኤንድ ኦዲ»ን ታውቁታላችሁ። የዋሽንግተንና ኦልድ ዶሚኒየን የባቡር መስመር ነበር፤ በ1968 ሥራ አቆመ (ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መሬቱ በመብራት ኩባንያው እጅ ገባ፣ ዛሬም በአብዛኛው መንገድ ላይ ከሰው ራስ በላይ ሽቦው ተዘርግቷል። በ1974 ፎልስ ቸርች የምትባለው ትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ ማይል ተኩል ገደማ አስፋልት ፈሰሰበት። ለሙከራ። ሰው ወደደው፤ የአካባቢው የፓርክ ባለሥልጣን ቀሪውን መሬት ለመግዛት ተነሳና በ1988 አስፋልቱ የምዕራቡ ጫፍ የሆነችው ፐርሰልቪል ደረሰ። ጠቅላላው 45 ማይል፣ ማለትም 72 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምሥራቁ ጫፍ አርሊንግተን ውስጥ ሸርሊንግተን ጋ ነው፤ ከዚያ ብዙ ሳይርቁ ክትፎ ይገኛል።

ሕዝብን ከመጠየቂያ መንገዶች ሁሉ ይቺን የፎልስ ቸርቿን እወዳታለሁ። ወረቀት ላይ ያለ ትሬይል ያስፈራል፤ «ሌባ በጓሮዬ ሊመጣብኝ ነው» የማይል የቤት ባለቤት ጥቂት ነው። የተሠራ ቁራጭ ግን ልጆች ብስክሌት ይለምዱበታል፣ ክርክሩም መልኩን ይቀይራል።

ረዣዥሙን መስመር መሳል ቀላል ነው። ጭንቁ ያለው የሚቋረጥበት ላይ ነው። ሦስት ማይል አምሮበት ሄዶ ባለ ስድስት ሌን ጎዳና ሲደርስ ድንገት የሚያልቅ ትሬይል ስንት አለ! ክፍተቱ ሁለት መቶ ሜትር ይሆናል፤ ነገር ግን ጎዳናው የስቴቱ፣ ጥጉ የነዳጅ ማደያው፣ ድልድዩ የባቡር ኩባንያው ነው፤ ሦስት ባለቤት እስኪስማማ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ይገባል። ክፍተቱ የት እንደሚያምም ለማወቅ ደግሞ ሣሩን ማየት ይበቃል። ሰው ረግጦ ያወጣው አቋራጭ አለ አይደል? ማንም ያልፈቀደው፣ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ የሚሆነው። አንድ ፕላነር፣ ማለትም ፕላኑን የሚያወጣ ባለሙያ፣ ጎንበስ ብሎ የእንዲህ ያለ አቋራጭ ፎቶ ሲያነሳ ካያችሁት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። አቋራጩ ያልተሞላ መጠይቅ ነው፤ መልሱ ግን ተጽፎበታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ውስጥ የዚህ ዓይነት ስብሰባ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ካርታ ተዘርግቷል፣ ለየሰዉ አረንጓዴና ቀይ ክብ ስቲከር ይታደላል። አረንጓዴው የምትሄድበት ላይ፣ ቀዩ የምትፈራበት ላይ ይለጠፋል። ጎረቤቴ የሆኑ እማማን ይዤ ሄድኩ። አስተርጓሚ ይኖራል ተብሎ ነበር፤ አልነበረም፣ እኔው ሆንኩ። እማማ ካርታውን ዝም ብለው ለረዥም ጊዜ አዩት። አልገባቸውም ብሎ የገመተው ወጣት ፕላነር ሊያግዛቸው ጎንበስ ሲል፣ እሳቸው ነዳጅ ማደያውን በጣታቸው ያዙ። ከዚያ በኋላ ጣታቸው አልቆመም። በዚህ እወጣለሁ፣ ሐሙስ ወደ ክሊኒኩ በዚህ እታጠፋለሁ፣ እሑድ አውቶቡሱን የምይዘው እዚህ ነው። ቀዩን የለጠፉት ትሬይሉ ትልቁን ጎዳና የሚያቋርጥበት ላይ ነው።

«ያ የሚቆጥረው ነገር አራተኛው መስመር ላይ እያለሁ ያልቅብኛል» አሉ።

የሚቆጥረው ነገር የእግረኛ መብራቱ ነው። ወጣቱ ያልገባው መስሎኝ ደገምኩለት፤ እሱ ግን ወዲያው ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ነበር። የአሜሪካ የትራፊክ ምልክት መመሪያ እግረኛ በሰከንድ 3.5 ጫማ (አንድ ሜትር ገደማ) ይራመዳል ብሎ ነው በመደበኛነት የሚያሰላው። ስድስት ሌን እያንዳንዱ 12 ጫማ ቢሆን 72 ጫማ ነው፤ ሃያ አንድ ሰከንድ ገደማ። በወረቀት ላይ ልክ ነው። እማማ በሃያ አንድ ሰከንድ የት እንደሚደርሱ የሚያውቁት እማማ ናቸው። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል።

ልንነሳ ስንል አንድ ነገር ጨመሩ። «ደግሞስ ልጄ፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ የት ልቀመጥ?» ለአግዳሚ ወንበር የተዘጋጀ ስቲከር አልነበረም። ወጣቱ እስክሪብቶ አውጥቶ ካርታው ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ሣለ።

ሼሪ አርንስታይን የምትባል አሜሪካዊት በ1969 ባሳተመችው ጽሑፍ የነዋሪን ተሳትፎ በመሰላል መስላዋለች። ስምንት ደረጃ አለው፤ ከታች ሰውን ለይስሙላ ሰብስቦ ማታለል፣ ከላይ ነዋሪው ራሱ የሚወስንበት። «ማማከር» አራተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ የስቲከሩ ምሽት በጥሩ ቀኑ እዚያ ይውላል። ከዚያ በላይ መውጣቱን የማውቅበት የራሴ ዘዴ አለኝ፦ የመጀመሪያውን ረቂቅ ካርታና የጸደቀውን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። አንድም መስመር ካልተንቀሳቀሰ ስቲከሩ ጌጥ ነበር።

ሌላው ጥያቄ ማን መጣ የሚለው ነው። ስብሰባ ማክሰኞ ማታ ይጠራል፤ ያን ሰዓት ኡበር የሚነዳው መንገድ ላይ ነው፣ ሁለተኛ ፈረቃ ያለባት ነርስ ሆስፒታል ናት። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ሐበሾች የካፒታል ክሬሰንት ትሬይልን ነገር ያስታውሳሉ። ከጆርጅታውን በቤተዝዳ በኩል ሲልቨር ስፕሪንግ የሚደርስ ሌላ የሞተ ሐዲድ ነው፤ ባቡሩ በ1985 ቆመ፣ በ1988 የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሜሪላንዱን ክፍል ገዛ፣ ከቤተዝዳ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው በጠጠር ተሸፍኖ ሰው በዛፍ ጥላ ሲሄድበት ኖረ። ካውንቲው ግን መሬቱን የገዛው ለትሬይልም ለባቡርም ብሎ ነበር። ፐርፕል ላይን የሚባለው 16 ማይል የቀላል ባቡር ሲመጣ ዛፎቹ ሊቆረጡ ሆነ፣ ተቃዋሚዎች ክስ መሠረቱ። በ2016 አንድ የፌዴራል ዳኛ የፕሮጀክቱን ፈቃድ ሰረዘ፤ በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መለሰው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ትሬይሉ ለግንባታ ተዘጋ፣ ከባቡሩ ጎን በአስፋልት ተመልሶ ሊሠራ። ጥላቸውን ላጡት አዝናለሁ፣ እኔም ሄጄበታለሁ። ግን ማለዳ በሁለት አውቶቡስ ሥራ የሚሄደው ሰው ባቡሩን ፈልጎ ጠበቃ ሊያቆም አይችልም፤ እሱም «ኮሚኒቲ» በምትለዋ ቃል ውስጥ አለ። ፕላነሮች ከዚህ የተማሩት ካለ፣ ካርታቸውን ይዘው ወደ ሱቁ በር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑና ወደ መስጊዱ ግቢ፣ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው መሄድን ነው።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልል። የአሜሪካ መመሪያዎች ለጋራ ትሬይል ቢያንስ 10 ጫማ፣ ሦስት ሜትር ያህል ስፋት ይመክራሉ፤ ጠባብ ቦታ ላይ ለአጭር ርቀት 8 ይፈቀዳል። ወደ ጎን ያለው ተዳፋት ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ዊልቸር ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ክንድ ያደክማል። አስፋልት ከኮንክሪት ይረክሳል፣ ግን የዛፍ ሥር ቶሎ ያነሳዋል። ብስክሌትና እግረኛ ሲበዛ ደግሞ መለየት ይመጣል፦ በዚያችው ፎልስ ቸርች በ2021 ለብስክሌት 11 ጫማ፣ ለእግረኛ 8 ጫማ፣ ሁለት መስመር ተሠርቷል። እንደኔ ወደ ግራ የሚዘሉት ታስበው ሳይሆን አይቀርም።

አትላንታ ግን ሌላ ትምህርት አላት፣ ከስፋትና ከተዳፋት የከበደ። ራያን ግራቭል የሚባል የጆርጂያ ቴክ ተማሪ በ1999 ለመመረቂያ ጽሑፉ ከተማዋን የሚዞሩ አሮጌ ሐዲዶች ይያያዙ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። 22 ማይል ቀለበት፣ 45 ሰፈሮችን የሚነካ። ሐሳቡን በየሰፈሩ ስብሰባ ያሳደገው ነዋሪው ነው፤ በ2012 የምሥራቁ ትሬይል ተከፈተ፣ ቤልትላይን የሚለው የፕሮጀክቱ ስም በቤት ማስታወቂያ ላይ መታተም ጀመረ። ኪራይና የንብረት ግብር ጨመረ። እስከ 2030 ድረስ 5,600 በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኙ ቤቶች ይኖራሉ ተብሎ ቃል ተገብቶ ነበር፤ ግራቭል በ2016 ለቤቱ ጉዳይ በቂ ትኩረት አልተሰጠም ብሎ ራሱ ካስጀመረው ፕሮጀክት ቦርድ ለቀቀ። ስለዚህ አንድ ከተማ የትሬይል ካርታ ሲያሳያችሁ፣ ከአጠገቡ የቤት ፕላን ካርታ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነገር ማብዛት አይደለም። መስመሩ ከመሠራቱ በፊት የሚደረግ ጥያቄ ነው፤ ከተሠራ በኋላ መሬቱ ተወድዷል።

ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ገንዘብ የሚበቃው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ነው። አብዛኛው ከተማ ነጥብ ይሰጣል፦ ስንት ትምህርት ቤት ያያይዛል፣ መኪና የሌለው ቤተሰብ ስንት ነው፣ አደጋ የደረሰበት መገናኛ ላይ ነው ወይ። ቀይ ስቲከር እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያወጣው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ በረዶውን ማን እንደሚጠርግ፣ የወደቀ ዛፍ ማን እንደሚያነሳ ተጽፎ ካልሆነ፣ ትሬይሉ ለብስክሌት ወዳጆች ብቻ የበጋ መዝናኛ ሆኖ ይቀራል።

የእኛው ጎዳና ላይ የእግረኛው ሰዓት ተጨመረ፤ ስንት ሰከንድ እንደሆነ አልለካሁም፣ እማማ ግን ዳር ይደርሳሉ። አግዳሚ ወንበሩም ተተክሏል፤ እሳቸው ካሳዩት ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ዛፍ የሌለበት ላይ። ከሰዓት በኋላ ብረቱ ይፋጃል። እማማ ነጠላቸውን አጥፈው አንጥፈው ይቀመጡበታል፣ ቀጣዩ ስብሰባ መቼ እንደሆነም በተገናኘን ቁጥር ይጠይቁኛል።