ብሉሚንግተን ከሞሉ በፊትም ነበረች፦ ስለ አንዲት የሚኒሶታ ከተማ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሚኒሶታ ዘመድ ያለው ሰው የብሉሚንግተንን ስም ባያውቅ እንኳ ከተማዋን አይቷታል። እንግዳ ሲመጣ ሻንጣውን ቤት አሳርፎ በማግስቱ የሚወሰደው ወደ ሞል ኦፍ አሜሪካ ነው። ሞሉ ያለው ብሉሚንግተን ውስጥ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ልብስና ጫማ ላይ የሽያጭ ታክስ ስለሌለ፣ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣውን የሚሞላው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

እኔም ለረጅም ጊዜ የማውቀው ሞሉን ብቻ ነበር። ታሪኳን ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ስለ ከተማዋ የሚወሩ ነገሮች ይቆረቁሩኛል። ብዙዎቻችን በአካባቢው እየኖርን፣ እየሠራን፣ ልጅ እያሳደግን ነው። የምንኖርበትን ቦታ በትክክል ማወቅ ይገባናል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ብሉሚንግተን የሚኒያፖሊስ ሰፈር ናት»

አይደለችም። የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ፖሊስ አላት። በ2020 ቆጠራ 89,987 ነዋሪ ነበራት። ከሚኒያፖሊስ፣ ከሴንት ፖልና ከሮቸስተር ቀጥሎ በስቴቱ 4ኛዋ ትልቅ ከተማ ናት። በታውንሺፕነት (በአነስተኛ የአካባቢ አስተዳደርነት) የተደራጀችው ሜይ 11 ቀን 1858 ነው፤ ሚኒሶታ ራሷ ስቴት የሆነችው በዚያው ዕለት ነው። ስሟን ከኢሊኖይዋ ብሉሚንግተን ይዘውት የመጡት ሰፋሪዎች ናቸው።

አውሮፕላን ማረፊያውም «የብሉሚንግተን ነው» ሲባል እሰማለሁ። ጎረቤቷ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። አብዛኛው መሬቱ የትኛውም ከተማ ያልጠቀለለው የፎርት ስኔሊንግ፣ የድሮው የጦር ምሽግ፣ ክልል ነው።

«በፊት ሰው የሌለበት ባዶ ሜዳ ነበር»

ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል። ከተማዋን በደቡብ በኩል የሚያዋስናት የሚኒሶታ ወንዝ ነው። በዚያ ወንዝ ዳር የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የዳኮታዎች መንደሮች ነበሩ። «ሚኒሶታ» የሚለው ስም ራሱ የዳኮታ ቃል ነው።

በ1834 ሳሙኤልና ጊዲየን ፖንድ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ከኮነቲከት ለሚስዮናዊነት መጡ። የዳኮታን ቋንቋ ከባለቤቶቹ አፍ እየሰሙ ተማሩ፤ ቋንቋው የሚጻፍበትን ፊደልም አዘጋጁ። በ1843 ጊዲየን ፖንድ፣ ክላውድ ማን ከተባለው የዳኮታ አለቃና ከሕዝቡ ጋር ዛሬ ብሉሚንግተን በሆነው ቦታ ሠፈረ። የጡብ ቤቱ አሁንም ቆሟል፤ የተሠራው በ1856 ነው። ፓርክ ውስጥ ስላለ ሄዶ ማየት ይቻላል።

እዚያ ቤት ፊት ስቆም ግን ቶሎ ትዝ የሚለኝ ዓመቱ ነው። በ1851 በተፈረሙ ውሎች ዳኮታዎች የደቡብ ሚኒሶታን መሬታቸውን አጥተዋል። ጡቡ ሲደረደር እነሱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጠባብ ክልል ተወስደው ነበር። ሰባኪው ቀረ፣ የሚሰበክላቸው ሄዱ። በ1862 በዳኮታዎችና በአሜሪካ መንግሥት መካከል ጦርነት ተነሣ። ዲሴምበር 26 ቀን 38 የዳኮታ ወንዶች በማንኬቶ በአንድ ቀን ተሰቀሉ። በዚያ ክረምት ወደ 1,600 የሚጠጉ ዳኮታዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ ከፎርት ስኔሊንግ ሥር ባለው ወንዝ ዳር ታጉረው ከረሙ። በ1863 ከስቴቱ እንዲባረሩ ተደረገ። ዛሬ ከአውሮፕላን ስንወርድ በመኪና የምናልፈው በዚያ ቦታ አጠገብ ነው።

ደግሞም ጨርሰው አልጠፉም። ከወንዙ ማዶ፣ ፕራየር ሌክና ሻኮፒ አካባቢ፣ የራሱ መንግሥት ያለው የዳኮታ ማኅበረሰብ አለ። ብዙ ሰው በስሙ የሚያውቀው ሚስቲክ ሌክ ካሲኖ የእነሱ ነው።

«ከተማዋን ያሳደጋት ሞሉ ነው»

ቁጥሮቹን እንያቸው። በ1950 የብሉሚንግተን ነዋሪ 9,902 ነበር። አብዛኛው መሬት እርሻ ነው፤ ገበሬው አትክልቱን ለሚኒያፖሊስ ገበያ ያቀርባል። በ1960 ነዋሪው 50,498 ደረሰ። በአሥር ዓመት አምስት እጥፍ! በ1970 ደግሞ 81,970። ሞሉ የተከፈተው ኦገስት 11 ቀን 1992 ነው። ያኔ ከተማዋ አድጋ፣ ልጆቿን ድራ ጨርሳ ነበር ማለት ይቻላል።

እድገቱን ያመጣው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቃት ነው። ወታደሮች ተመለሱ፣ ተጋቡ፣ ልጅ በልጅ ሆኑ። መንግሥት የቤት ብድራቸውን ዋስ ሆነላቸው። መኪና ተገዛ፣ መንገድ ተሠራ። ርካሽ መሬት ደግሞ ብሉሚንግተን ውስጥ ነበር። ሥራም ተከትሎ መጣ። በዘመኑ ፈጣን ኮምፒውተሮችን ይሠራ የነበረው ኮንትሮል ዳታ የተባለው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነበር። የሣር ማጨጃ የሚሠራው ቶሮ ዋና መሥሪያ ቤት እስካሁን እዚህ ነው።

ከሞሉ በፊት ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ስታዲየም ነበር። ሜትሮፖሊታን ስታዲየም በ1956 ተከፈተ፤ የተሠራው እርሻ ላይ ነው። ለምን እዚያ? ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በሁሉ ነገር ይፎካከሩ ስለነበር ከአንዳቸውም ያልሆነ፣ ለሁለቱም የሚቀርብ ቦታ ተፈለገ። በ1961 የቤዝቦል ቡድን ከዋሽንግተን ወደዚህ ተዛወረ። በአንዱ ከተማ ስም ቢጠራ ሌላው ይቀየማል። ስለዚህ በስቴቱ ስም «ሚኒሶታ ትዊንስ» ተባለ። የብሉሚንግተንን ስም ያነሣ የለም፤ አስተናጋጇ ግን እሷ ነበረች።

1965 ለዚያ ስታዲየም ልዩ ዓመት ነው። በኦገስት ቢትልስ ዘፈኑበት። በኦክቶበር ትዊንስ ለቤዝቦሉ የዓለም ዋንጫ፣ ለወርልድ ሲሪስ ደረሱ። ተጋጣሚያቸው ዶጀርስ ነበሩ። የዶጀርስ ምርጥ ኳስ ወርዋሪ ሳንዲ ኮፋክስ በመጀመሪያው ጨዋታ አልተሰለፈም። ቀኑ ዮም ኪፑር፣ የአይሁድ የማስተሰረያ ቀን ነበር። የዓመቱ ትልቁ ጨዋታ ቢሆንም በዓሌን አልሽርም አለ። በሰባተኛው ጨዋታ እዚያው ስታዲየም ተመልሶ ቡድኑን 2 ለ 0 አሸናፊ አደረገ። ጾምና በዓል ከሥራ ፈረቃ ጋር ለሚጋጭበት ለእኛ ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

በስታዲየሙ የመጨረሻው ጨዋታ የተካሄደው ዲሴምበር 1981 ነው። እዚያ ይጫወቱ የነበሩት ቡድኖች ሚኒያፖሊስ መሀል ወደ ተሠራው ባለጣሪያ ስታዲየም ሄዱ፣ ስታዲየሙም በ1985 ፈረሰ። ከተማዋ ትልቅ ባዶ ቦታ ታቅፋ ቀረች። ከኢራን ወደ ካናዳ ተሰደው ኤድመንተን ውስጥ ግዙፍ ሞል ከገነቡት ከጌርሜዝያን ቤተሰብ ጋር የተዋዋለችው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሞሉ የከተማዋ ጅማሬ አይደለም። ትልቅ ገቢዋን ያጣች ከተማ የፈለገችው መተኪያ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ እንግዳ ይዛችሁ ስትሄዱ ልጆቹ የሚጫወቱበት መናፈሻ ውስጥ ወደ ወለሉ ተመልከቱ። የሆም ፕሌቱን፣ ማለትም ኳስ መቺው የሚቆምበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት ወለሉ ላይ ተቀብሯል። ከዚያ ቀና በሉ። ማዶ ግድግዳው ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ቀይ ወንበር ብቻዋን ተሰቅላለች። በ1967 የትዊንሱ ሃርመን ኪልብሩ የመታት ኳስ 520 ጫማ፣ ማለትም 158 ሜትር ገደማ ሄዳ ያረፈችበትን ቦታ ታመለክታለች። በሕዝቡ መሀል ቆማችሁ ከወለሉ ምልክት እስከ ወንበሩ ድረስ በዓይናችሁ ስትለኩ፣ የድሮው ስታዲየም ስፋቱ ይገባችኋል።

«ሞሉን በክረምት ለማሞቅ የሚወጣው ገንዘብ ለጉድ ነው»

የጋራ መተላለፊያዎቹ ማዕከላዊ ማሞቂያ የላቸውም። በመስታወት ጣሪያው የሚገባው ፀሐይ፣ መብራቱና የሰዉ የሰውነት ሙቀት ይበቃቸዋል።

«የፈረንጅ ሰፈር ከመጀመሪያው በፕላን ነው የሚሠራው»

ቀጥ ያለውን መንገድና የተስተካከለውን ሣር ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። የ1950ዎቹ ብሉሚንግተን ግን ቤቱ ቀድሞ መሠረተ ልማቱ በኋላ የመጣበት ቦታ ነበር። የከተማ ውሃ የለም፣ የፍሳሽ መስመር የለም። እያንዳንዱ ቤት በግቢው የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ይጠጣል፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ሴፕቲክ ታንክ ይቀብራል። ቤቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ችግር የለውም። በሺዎች ሲሆኑ ግን የአንዱ ፍሳሽ የሌላው መጠጥ ውሃ ውስጥ ይገባል። በ1950ዎቹ መጨረሻ የስቴቱ ጤና ቢሮ በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ዙሪያ ያሉ ከተሞችን ጉድጓዶች ሲመረምር ብክለቱ ሰፊ ሆኖ ተገኘ። ሕፃን ልጅ ያላት እናት ከራሷ ቧንቧ የምትቀዳውን ውሃ መፍራት ጀመረች።

አዲስ አበባ ዳር ዳር ላይ ቤት የሠራ ሰው ይሄን ታሪክ ያውቀዋል። ቤቱ ይቆማል፣ መንገዱና ውሃው ዓመታት ቆይቶ ይመጣል።

መፍትሔውም ቀላል አልነበረም። ፍሳሽ የከተማ ወሰን አያውቅምና እያንዳንዱ ከተማ ለብቻው ሊወጣው አልቻለም። በ1967 የአካባቢው ከተሞች የጋራ አስተዳደር የሆነው የሜትሮፖሊታን ካውንስል የተቋቋመበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ዛሬ የብዙዎቻችን አውቶቡስና የብሉ ላይን ባቡር የሚተዳደሩት በዚሁ ካውንስል ነው። ብሉሚንግተን አሁን የራሷ የውሃ ማጣሪያ አላት፤ ከፊሉን ውሃ ግን ከሚኒያፖሊስ ትገዛለች።

«ሞሉ ያለባት ከተማ ግብሩን ብቻዋን ትበላለች»

በ1971 የወጣ አንድ ሕግ አለ። ከዚያ ዓመት ወዲህ በንግድና በኢንዱስትሪ ንብረት የግብር መሠረት ላይ ከመጣው እድገት 40 በመቶው ወደ ጋራ ቋት ይገባል። ቋቱ ለሰባት ካውንቲ ከተሞች ይከፋፈላል፤ የነፍስ ወከፍ የንብረት ዋጋቸው ዝቅ ያለ ከተሞች የበለጠ ያገኛሉ። ብሉሚንግተን ከሚቀበሉት ሳይሆን ከሚሰጡት ወገን ናት። በየዓመቱ የሚያጨቃጭቅ ሕግ ነው። እኔ ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሞሉ ውስጥ የሚሸጠውና የሚያጸዳው ሰው ብዙ ጊዜ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው።

«የነጮች ከተማ ናት»

ድሮ ነበረች፣ ያውም በአጋጣሚ አይደለም። ብሉሚንግተን ባለችበት በሄነፒን ካውንቲ በሺዎች የሚቆጠሩ የቤት ውሎች ለጥቁር፣ አንዳንዶቹም ለአይሁድ ወይም ለእስያ ሰው መሸጥን የሚከለክል አንቀጽ ነበራቸው። ሚኒሶታ አዲስ እንዳይጻፍ የከለከለችው በ1953 ነው። በመላው አገሪቱ በቤት ሽያጭና ኪራይ ማዳላትን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1968 ነው። ብሉሚንግተን ደግሞ በፍጥነት ያደገችው በትክክል በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው።

ከ1970 በኋላ ግን እድገቱ ቆመ። 1970፣ 81,970፤ 2010፣ 82,893። አርባ ዓመት ሙሉ ያው ነው። በ1950ዎቹ የመጡት ወላጆች አረጁ፣ ልጆቻቸው ወጡ። የሊንከን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1982 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የተለቀቁትን ቤቶች ከገዙትና ከተከራዩት መካከል ከላቲን አሜሪካ፣ ከእስያና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ብዙ ናቸው።

ዳር አል-ፋሩቅ የተባለው መስጊድ ያለው ድሮ ትምህርት ቤት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ኦገስት 5 ቀን 2017 ንጋት ላይ፣ ሰዎች ለሶላት በተሰበሰቡበት፣ በኢማሙ ቢሮ መስኮት ቦምብ ተወረወረ። የሞተም የቆሰለም የለም። ጥቃቱን ያደረሱት የብሉሚንግተን ሰዎች አልነበሩም፤ ከኢሊኖይ በመኪና የመጡ ናቸው። መሪያቸው በ2021 የ53 ዓመት እስር ተፈርዶበታል። የከተማዋ ሰዎች ደግሞ በዚያው ሳምንት ከመስጊዱ ጋር መቆማቸውን ለማሳየት ወጡ፤ ሕንፃው ተጠገነ፣ ሶላቱም ቀጠለ።