«ልትለቀው ለምን ታጠምዳለህ?» ስለ ፍላይ ፊሺንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች የእረፍት ቀናችን የት እንደሚያልቅ ይታወቃል። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የልጆች ኳስ አለ። ተርፋ የቀረችውን ሰዓት ስልክ ይበላታል። ከሥራ ወደ ሥራ ለሚሮጥ ሰው ፍላይ ፊሺንግ፣ ማለትም በዝንብ ዓሣ ማጥመድ፣ ትልቅ በረከት ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ግን የሚመለስልኝ መልስ ያው ነው። እስቲ እነዚያን መልሶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዝንብ አንጠልጥሎ ውሃ ዳር መቀመጥ አይደል?»

አይደለም። ዝንቧ ሰው ሠራሽ ናት። በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ፀጉርና ክር ተጠምጥሞ ነው የምትሠራው። በተለመደው አጠማመድ የምትወረውሩት ነገር ራሱ ክብደት ስላለው ክሩን ጎትቶት ይሄዳል። እዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ዝንቧ ከመቅለሏ የተነሳ ብትወረውሯት እግራችሁ ሥር ነው የምትወድቀው። ክብደት ያለው ክሩ ነው፤ ወፈር ያለና ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። ተሸክሟት የሚሄደውም እሱ ነው።

መቀመጥ የሚባል ነገርም የለም። ወንዙን እየተከተላችሁ ትሄዳላችሁ። ዓሣ ጉልበቱን አያባክንም። ከድንጋይ ጀርባ፣ ውሃው ዘገም የሚልበት ቦታ ላይ ሆኖ ምግብ በአጠገቡ እስኪያልፍ ይጠብቃል። እናንተም ያንን ቦታ በዓይን ፈልጋችሁ ማግኘት አለባችሁ።

ወንዝ ዳር ስትደርሱ ከውሃው ውስጥ አንድ ድንጋይ አንሥታችሁ ገልብጡት። ከሥሩ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ ጠፍጣፋ፣ ጭራቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ታያላችሁ። ብዙዎቹ እስከ ዓመት የሚደርስ ዕድሜያቸውን በዚህ መልክ ውሃ ውስጥ ያሳልፋሉ። ክንፍ አውጥተው አየር ላይ የሚቆዩት ግን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ብቻ ነው። የዚያን ቀን ዓሣው የሚበላው እነሱን ነው። መጠናቸውንና ቀለማቸውን አይታችሁ የሚመስላቸውን ዝንብ ከሳጥናችሁ ትመርጣላችሁ። ለእኔ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው። ዓይን ሲሠራ፣ እጅ ሲሠራ፣ ጭንቅላት ስለ ቤት ኪራይና ስለ ነገው ሺፍት የሚያስብበት ክፍት ቦታ አያገኝም። «አትጨነቅ» ሲሉት ጭንቀት ለቆት የሚሄድ ሰው እስካሁን አላየሁም። ሐሳቡን የሚይዝለት ሥራ ሲያገኝ ግን ይለቀዋል።

«የሀብታም ጨዋታ ነው»

ውድ ማድረግ ለፈለገ ሰው መጨረሻ የለውም፤ ያ እውነት ነው። ለጀማሪ ግን 9 ጫማ ርዝመት ያለው 5 ቁጥር ዘንግ ከነማጠንጠኛውና ከነክሩ ባንድ ላይ ተዘጋጅቶ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ይገኛል። ፎቶ ላይ የምታዩት እስከ ደረት የሚደርስ ውሃ የማያስገባ ሱሪ በሞቃት ወራት አያስፈልግም። ቁምጣና የማያንሸራትት አሮጌ ጫማ ይበቃል። ጃፓኖች ቴንካራ የሚሉት ደግሞ ጭራሽ ማጠንጠኛ የለውም። ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የታሰረ ክርና አንድ ዝንብ፤ በቃ። የተራራ ዓሣ አጥማጆች እንጀራቸውን ይበሉበት የነበረ ዘዴ ነው።

የማይቀረው ወጪ የማጥመጃ ፈቃድ ነው። 16 ዓመት የሞላው ሰው ያስፈልገዋል። እባካችሁ ያለ ፈቃድ አትሂዱ፤ በኢንተርኔት በደቂቃዎች ውስጥ ይገዛል።

«ጉልበት ይፈልጋል፣ የወንድ ነገር ነው»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ጉልበተኛ ሰው እንዲያውም ሲጀምር ይቸገራል። አወራወሩ እንዲህ ነው። ዘንጉን ወደ ኋላ ታነሣላችሁ። ጆሯችሁን ትንሽ አለፍ ሲል ታቆሙታላችሁ። ከዚያ ትጠብቃላችሁ፤ ክሩ ከኋላችሁ ተዘርግቶ እስኪያልቅ። ከዚያ ወደ ፊት። ሁሉ ነገር ያለው በዚያች መጠበቅ ውስጥ ነው። ሳይዘረጋ ከመለሳችሁት እንደ ቡሄ ጅራፍ ይጮሃል፤ ዝንቧም ተበጥሳ ትቀራለች። በኃይል የሚመጣ ነገር የለም፤ ሰዓቱን ማወቅ ብቻ ነው።

አሜሪካዊቷ ጆአን ዉልፍ በ1951 እ.ኤ.አ. የርቀት ውርወራ ብሔራዊ ውድድር ያሸነፈችው ወንዶችን አስከትላ ነው። ካስቲንግ ፎር ሪከቨሪ የሚባል ድርጅት ደግሞ ከ1996 ጀምሮ የጡት ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች ወንዝ ዳር እየወሰደ ፍላይ ፊሺንግ በነፃ ያስተምራል። የክንዱ ለስላሳ እንቅስቃሴ ከቀዶ ጥገና በኋላ ከሚታዘዘው የማፍታቻ እንቅስቃሴ ጋር ስለሚመሳሰል ነው የተመረጠው። እናቶቻችንና እህቶቻችን ይሄን ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

«ልትለቀው ለምን ታጠምዳለህ?»

የተያዘውን ዓሣ መልሶ ወደ ውሃው መልቀቅ እንዳለ ሲሰማ የኛ ሰው ይሄን ከምሩ ነው የሚጠይቀው፣ ትክክልም ነው። ምግብ ላይ መጫወት ነውር በሆነበት ቤት ነው ያደግነው። ስለዚህ በደንብ ልመልስ።

አንደኛ፣ ሁሉም ይለቀቃል ማለት ስህተት ነው። ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ብሉ ካትፊሽ አለ፤ የአምባዛ ዘመድ ነው። ትውልዱ ከሚሲሲፒ ወንዝ በኩል ሲሆን ወደ ቨርጂኒያ ወንዞች በ1970ዎቹ ገብቶ ሌላውን ዓሣ እየጨረሰ ነው። ከእስያ የመጣውና በ2004 ፖቶማክ ውስጥ የተገኘው ስኔክሄድም አለ። እነዚህን መንግሥት ራሱ «ያዙና ብሉ» ይላል። ሁለቱም በዝንብ ይያዛሉ፤ ስኔክሄድማ ሲመታ ያስደነግጣል። ከመብላታችሁ በፊት ግን ለያዛችሁበት ቦታ መንግሥት ያወጣውን የአመጋገብ ማሳሰቢያ አንብቡ። በዲሲ ክልል የፖቶማክና የአናኮስቲያ ውሃ ብክለት ስላለበት ጭራሽ አትብሉ የተባሉም፣ በልክ ብሉ የተባሉም የዓሣ ዓይነቶች አሉ።

ሁለተኛ፣ የሚለቀቀው የሚለቀቅበት ምክንያት አለው። በየዓመቱ ሚያዝያ ግድም ሻድ የሚባለው ዓሣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ ሊራባ ፖቶማክን ሽቅብ ይወጣል። ከጆርጅታውን ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ፍሌቸርስ ኮቭ በዚያ ሰሞን በጀልባ ይሞላል። ሻድ ቁጥሩ እጅግ ተመናምኖ ስለነበር ወደ ቤት ይዞ መሄድ የተከለከለ ነው። በሜሪላንድ ጋንፓውደር ወንዝ ያለው ትራውት የሚባለው፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ዓሣ ደግሞ ማንም ያላረባው፣ እዚያው የተፈለፈለ ነው። ሁሉም ያገኘውን ይዞ ቢሄድ ለልጆቻችን አይተርፍም።

«ከለቀቅከውም መሞቱ አይቀርም»

የሚሞት አለ፤ አልክድም። በአብዛኛው የሚወስነው ግን የአጥማጁ እጅ ነው። መንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ ሹል አለች፤ እሷን በፒንሳ ጨፍልቋት፣ መንጠቆው በቀላሉ ይወጣል። ዓሣውን በደረቅ እጅ አትንኩ። ገላውን የሸፈነው አንሸራታች ነገር ከበሽታ የሚጠብቀው ነው፤ ደረቅ እጅ ይገፈዋል። ለፎቶ ብላችሁ ከውሃ አውጥታችሁ አታቆዩት። ውሃው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ደግሞ ትራውት ተዉ። በሙቅ ውሃ ውስጥ ኦክሲጅን ስለሚያንስ ታግሎ የደከመ ዓሣ አያገግምም። ጋንፓውደር በነሐሴም የሚቻለው ከፕሪቲቦይ ግድብ ሥር የሚወጣው ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው።

«ትራውት ከሌለ ፍላይ ፊሺንግ የለም»

ነፍሳት ወይም ትንንሽ ዓሣ የሚበላ ማንኛውም ዓሣ በዝንብ ይያዛል። በየሰፈሩ ኩሬ ያለው ብሉጊል የሚባለው ትንሽ ዓሣ ለልጆች ከሁሉ የተሻለ አስተማሪ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ልጅ አይሰለችም።

«የባሌ ትራውት የሀገራችን ዓሣ ነው»

ሀገር ቤት ሄደው ባሌ ተራሮችን ያዩ ሰዎች ይሄን ሲሉ እሰማለሁ። ዲንሾ አጠገብ የሚያልፈው ወይብ ወንዝ፣ ያው ወደ ታች ወርዶ ሶፍ ዑመር ዋሻን ሰንጥቆ የሚያልፈው ማለቴ ነው፣ ትራውት አለው። ግን መጤ ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከኬንያ መጣ። ወደ ኬንያ ደግሞ የመጀመሪያው በ1905 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ ነው የገባው። ቀዝቃዛውን የደጋ ውሃ ወዶት ቀረ። ፈቃድ ጠይቆ፣ የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ ይዞ እዚያ ማጥመድ ግሩም ነገር ነው።

የኛ የምንለው ግን ጣና ነው። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል ላቤዮባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከነሱ ስምንት ያህሉ ዓሣ በል ናቸው፤ ጥርስ የሌለው አፍ ላለው ቤተሰብ ይሄ ብርቅ ነው። ዓሣ የሚያሳድድ ዓሣ ደግሞ ዝንብም ያሳድዳል። በክረምት ብዙዎቹ ሊራቡ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ጠብቆ የሚጨርሳቸውም ያኔ ነው። በዚያ ወቅት በመዝናኛ የሚያጠምድ ሰው ከወንዞቹ አፍ ቢርቅ እለምናለሁ።

«የአእምሮ ሕመም ያድናል»

ይሄ ደግሞ ከወዳጅ ወገን የሚመጣ ስህተት ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ በነበረው የዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል በ2005 ፍላይ ፊሺንግ የሚያስተምረው ፕሮጀክት ሂሊንግ ዋተርስ ተጀመረ። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ቆስለው ለተመለሱ ወታደሮች ነበር፤ ዛሬ በመላው አሜሪካ ይሠራል። ብዙ ሰው አግዟል። ግን የተጀመረው ሆስፒታል ውስጥ፣ ከሕክምናው ጎን ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን፣ ሐኪም የሚያየው ሰው ቀጠሮውን ትቶ ወንዝ አይሂድ። ሁለቱንም ያድርግ።

«ውሃው ጉልበት ድረስ ነው፣ ምን ይሆናል?»

ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። ጉልበት ድረስ የሚደርስ ወራጅ ውሃ ድንጋይ ላይ ያንሸራተተውን ትልቅ ሰው ይጥላል። ፖቶማክ ደግሞ ከላይ ጸጥ ያለ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ኃይለኛ ነው፤ ብዙ ሰው ነጥቋል። እዚያ ከዳር ሆናችሁ ወይም የሕይወት ጃኬት ለብሳችሁ ጀልባ ላይ ሆናችሁ ነው የምታጠምዱት፣ ውሃ ውስጥ አትግቡ። በትንንሽ ወንዞች ስትገቡ ዱላ ያዙ፣ እግራችሁን ሳታነሡ እያሸራተታችሁ ሂዱ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። ውርወራውን ደግሞ ውሃ ላይ መጀመር የለባችሁም። መንጠቆ የሌለው ቁራጭ ክር ጫፉ ላይ አስራችሁ ፓርክ ውስጥ ሣር ላይ መለማመድ ይቻላል፤ ልጆቻችሁንም ጨምሩ። መነጽርና ባርኔጣ አድርጉ። ወደ ውሃው ስትሄዱ መንጠቆው ከኋላችሁ ስለሚያልፍ ከኋላ ሰው አለመኖሩን ዞር ብላችሁ እዩ።