ኤድጋር አሌክሳንደር ሜርንስ፦ የወሰን ቀያሾች ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ

ዶክተር ኤድጋር አሌክሳንደር ሜርንስ በአሜሪካ ጦር ውስጥ በሐኪምነት እያገለገሉ የአዕዋፍ፣ የአጥቢ እንስሳትና የዕፅዋት ናሙና የሰበሰቡ ተመራማሪ ናቸው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1856 በኒውዮርክ ግዛት ሃይላንድ ፎልስ ተወለዱ፤ በ1881 በሕክምና ተመርቀው በ1883 ጦሩን ተቀላቀሉ። ከ1884 እስከ 1888 በአሪዞና ፎርት ቨርዲ ሠርተዋል።

ስማቸውን ያስጠራው ከ1892 እስከ 1894 የተካሄደው የአሜሪካና የሜክሲኮ ወሰን ዳግም ቅየሳ ነው። የ1850ዎቹ ምልክቶች ተራርቀው የቆሙ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ፈርሰዋል። አዲሱ ስምምነት በሁለት ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ከ8,000 ሜትር እንዳይበልጥ ስለደነገገ፣ ከኤል ፓሶ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ያለው ወሰን በ258 ምልክቶች ተለየ። የቀያሾቹ ሰፈር ከምልክት ወደ ምልክት በተዛወረ ቁጥር ሐኪሙም አብረው ስለሚጓዙ፣ ናሙናው የተገኘበትን ቦታ በምልክቱ ቁጥር ይመዘግቡ ነበር። ስም በሌለው በረሃ ከዚህ የተሻለ አድራሻ አልነበረም። ከረዳታቸው ከፍራንክ ሆልዝነር ጋር ወደ 30,000 የሚጠጋ ናሙና ለአሜሪካ ብሔራዊ ሙዚየም አስገቡ።

ናሙና የማዘጋጀት ሥራ ፋታ አይሰጥም። ወጥመድ ማታ ይጠመዳል፤ ፀሐይ ሳይበረታ ካልተነሣ ሙቀቱ ሬሳውን ያበላሸዋል፣ የሆዱም ፀጉር በእጅ ይረግፋል። አይጥ ከመገፈፉ በፊት አጠቃላይ ርዝመቱ፣ ጅራቱና የኋላ እግሩ ይለካል፤ ከተገፈፈ በኋላ ቆዳው ስለሚለጠጥ ልኩ አይታመንም። ወፍ በደቃቅ የእርሳስ ጥይት ይመታል፤ ደሙ ላባውን እንዳያበላሽ ጉሮሮው በጥጥ ይወተፋል። ከደረት አጥንት በታች ተሰንጥቆ ቆዳው እስከ ራስ ቅሉ ይገለበጣል፤ አንጎሉና ዓይኑ ይወጣል። ፈሳሹን የበቆሎ ዱቄት ይመጠዋል። ነፍሳት እንዳይበሉት በዚያን ጊዜ የቆዳው ውስጥ አርሴኒክ የተባለ መርዝ ይቀባ ነበር፤ ከዚያም ጥጥ ይሞላና ይሰፋል። ስብ ሳይጠረግ የቀረበት ቆዳ ግን ውሎ አድሮ ዘይቱ ወደ ላባው ዘልቆ ያቃጥለዋል። ቀን፣ ቦታና ጾታ የተጻፈበት ካርድ እግሩ ላይ ይታሰራል፤ ካርዱ የጠፋበት ቆዳ ለሳይንስ እምብዛም አይጠቅምም።

የአጥቢ እንስሳቱ ጥናት የመጀመሪያ ክፍል በ1907 ታተመ። ሜርንስ ንዑስ ዝርያ (በአንድ ዝርያ ውስጥ የሚለይ የአካባቢ ዓይነት) አብዝተዋል የሚሉ አሉ፤ በእርግጥ ካወጧቸው ስሞች የተወሰኑት በኋላ ተቀባይነት አጥተዋል። ይሁንና ያን ያህል ተከታታይና በጥንቃቄ የተመዘገበ ስብስብ ባይኖር ኖሮ ስሞቹን ለማረምም ማስረጃ አይገኝም ነበር።

በፊሊፒንስም አገልግለዋል፤ በ1909 ጡረታ ወጥተው ከቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከቴዎዶር ሩዝቬልት ጋር ናሙና ለመሰብሰብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተጓዙ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በ1911 የተጀመረው የአሜሪካዊው ባለጸጋ የቻይልድስ ፍሪክ የናሙና ስብሰባ ጉዞ ነው። ባቡሩ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም ነበርና ጓዙ ከድሬዳዋ ወዲህ በአጋሰስ መጓጓዝ ነበረበት። ቡድኑ ድሬዳዋን፣ አዲስ አበባን፣ የአርሲን ደጋና የአባያን ሐይቅ አካባቢ አዳርሶ በጋርዱላ በኩል ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ወደ ዛሬው ቱርካና፣ ወረደ፤ ጉዞውም በ1912 ናይሮቢ ላይ አበቃ። ሜርንስ በስኳር በሽታ ይሠቃዩ ነበር፤ ኢንሱሊን ገና አልተገኘም። ያም ሆኖ ከ5,000 በላይ ወፎች ተሰብስበዋል። ሐኪሙ ኖቬምበር 1 ቀን 1916 በዋሽንግተን ስላረፉ የወፎቹን ዝርዝር አላዘጋጁም፤ የአዕዋፍ ተመራማሪው ኸርበርት ፍሪድማን በ1930 እና በ1937 በሁለት ክፍል አሳተሙት። ቆዳዎቹ የገቡት ብሔራዊ ሙዚየሙን ወደሚያስተዳድረው ተቋም፣ ወደ ስሚዝሶኒያን ነው።